ልጅሽ ሰነፍ አይደለም፤ ጊዜ ነው የሚፈልገው

እህቴ፣ «ልጄ የደም ካንሰር ሕክምናውን ጨርሶ 3ኛ ክፍል ከተመለሰ ወዲህ ይረሳል፣ ይዘገያል፤ አስተማሪው ሰንፏል ይለኛል፤ ምን ላድርግ?» ያልሽውን ሳነብ የራሴ ቤት ነው የታየኝ። የኔም ልጅ በዚሁ በሽታ ከ2 ዓመት በላይ ታክማለች። አሁን 6ኛ ክፍል ናት።

እኔም መጀመሪያ ስንፍና መስሎኝ ተቆጥቻታለሁ። ስኳርና ክብሪት አምጪ ብዬ ሱቅ ስልካት ክብሪቱን ብቻ ይዛ ትመጣለች። ደብተሯን ስገልጥ ከሰሌዳ የጻፈችው ሁሉ ግማሽ ላይ ቀርቷል። «ቲቸር ቶሎ አጠፋችው» ትለኛለች። በቃል ስጠይቃት ግን ትምህርቱን ታውቀዋለች። ያኔ ነው የገባኝ።

ቀጠሮ ስንሄድ ሐኪሟን ጠየቅኳት። ካንሰሩ አንጎል ውስጥ እንዳይደበቅ በጀርባ የሚወጋው ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት በአንዳንድ ልጆች ላይ ትኩረትን፣ ማስታወስንና የማሰብ ፍጥነትን ሊነካ ይችላል አለችኝ። ጭንቅላቱ ላይ ጨረር የወሰደ ልጅ፣ በተለይ በሕፃንነቱ ከሆነ፣ ይብስበታል። ቪንክሪስቲን የሚባለው ሌላው የካንሰር መድኃኒት ደግሞ የእጅ ነርቭ ሊነካ ስለሚችል መጻፍ ሊያደክማቸው ይችላል። ይህ ሁሉ ኬሞው (የካንሰር መድኃኒቱ) ካለቀ ከዓመታት በኋላም ሊታይ ስለሚችል «እስካሁን ደህና ነበር እኮ» ብለሽ እንዳትዘናጊ።

ሐኪሟን ደብዳቤ አጻፍኳትና ትምህርት ቤት ሄድኩ። ፊት ወንበር እንድትቀመጥ፣ ፈተና ላይ ተጨማሪ ጊዜ እንዲሰጣት፣ ማስታወሻውን ከጓደኛዋ ደብተር በስልክ ፎቶ እንዳነሳላት ለመንኩ። አንዱ አስተማሪ «ለሌሎቹ ልጆች ምን ልበል?» ብሎ መለሰኝ። አልቅሼ ወጣሁ። በሳምንቱ ተመልሼ ርዕሰ መምህሩን አነጋገርኩ፤ ተሳካልኝ። በቃል የተፈተነችበት ቀን ውጤቷን ስታሳየኝ ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ እስከዛሬ አልረሳውም።

አንድ ስህተቴን አትድገሚ። ወደኋላ ቀረች ብዬ በየማታው ለሁለት ሰዓት ያህል የሚያስጠናት ሰው ቀጠርኩላት። ራሷን እያመማት ትምህርት ጠላች። እነዚህ ልጆች ቶሎ ይደክማሉ። አሁን 15 ደቂቃ ታጠናለች፣ ተነስታ ትጫወታለች፣ ትመለሳለች። አስር የሂሳብ ጥያቄ ከተሰጣት አምስቱን በደንብ ትሠራለች፤ ይህንንም ከአስተማሪዋ ጋር ተስማምተናል። የማባዛት ሰንጠረዡ አልጋዋ አጠገብ ተለጥፏል። ነገር ሳዛትም አንድ በአንድ ነው፤ «ጫማሽን አድርጊ» እላለሁ፣ አድርጋ ስትጨርስ «ቦርሳሽን አምጪ»። እንቅልፏ ላይ ደግሞ ድርድር የለም፤ ሳትጠግብ ካደረች በማግስቱ ምንም አይገባትም።

ዓይኑንና ጆሮውንም አስመርምሪለት። የልጆች ሥነ ልቦና ባለሙያ ካገኘሽ የማስታወስና የትኩረት ምዘና አስደርጊለት፤ የቱ ጋ እንደሚቸገር በወረቀት ሲኖርሽ አስተማሪዎቹም ይሰሙሻል።

ደግሞ እባክሽ እሱንም አስረጂው። የኔዋ «እኔ ደደብ ነኝ?» ብላ እስክትጠይቀኝ አልነገርኳትም ነበር። መድኃኒቱ ሕይወትሽን ሲያተርፍ ትንሽ አደከመሽ፣ ለዚህ ነው አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ለቲቸርም ንገሪያት» አለችኝ።

ፈተናቸው መቼ ነው? ከዚያ በፊት ደብዳቤውን አጽፊ።