መልስ፦ ዛንዚባር ላይ ፀጥ ያለና ርካሽ ቦታ

እህቴ፣ ዛንዚባር ሄጄ አንድ ሳምንት ሳልረበሽና ብዙ ብር ሳላወጣ የት ልረፍ ላልሽው እኔ ጃምቢያኒ ነው የምልሽ፣ በደሴቲቱ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ ያለች የባህር ዳር መንደር ናት። በሰሜን ጫፍ ያለው ኑንግዊ ለጭፈራ ጥሩ ነው፣ አንቺ ግን እረፍት ነው ያልሽው።

ከስቶን ታውን (ከዛንዚባር ከተማ አሮጌው ሰፈር) 309 ቁጥር ዳላዳላ፣ ማለትም የሕዝብ ሚኒባስ፣ ያዢ፣ ቀስ ይላል ይጨናነቃል ግን ከታክሲ ጋር ዋጋው አይገናኝም። ማደሪያ ከባህሩ ዳር አንድ ሁለት ቤት ወደ ውስጥ ገባ ያለ ትንሽ ገስት ሃውስ ፈልጊ፣ ባህሩ እንደሆነ ሁለት ደቂቃ ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ውሃው በቀን ሁለቴ በጣም ይሸሻል፣ አሸዋው ባዶ ይቀራል፣ ብዙ ሰው ይሄን ሳያውቅ ሄዶ ይበሳጫል። እኔ ግን በጣም የወደድኩት ያንን ሰዓት ነው፣ ሴቶቹ ጎንበስ ብለው በእንጨት ችካል መሃል በተወጠረ ገመድ ላይ የባህር አረም በትንሽ በትንሹ ሲያስሩ ታያለሽ፣ ሰላም ካልሻቸው ያወሩሻል። ስትራመጂ ጫማ አድርጊ፣ ጥቁሩ እሾሃም የባህር እንስሳ እግር ይወጋል። ለመዋኘት ውሃው ሲመለስ ጠብቂ፣ ሰዓቱን ያደርሽበት ቤት ይነግሩሻል።

ፆም ላይ ከሆንሽም አትቸገሪም፣ ባቄላ በኮኮናት ወተት የተሰራ ከሩዝ ጋር አለ፣ በጣም ይጣፍጣል። መንደሩ ሙስሊም ስለሆነ ከባህሩ ስትወጪ ነጠላ ነገር ጣል አድርጊ።

ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ዝናብ ነው፣ ተይው። የቢጫ ወባ ካርድሽን ደግሞ እንዳትረሺ፣ ከኢትዮጵያ ለሚገባ ይጠየቃል።