«ይሰቀል!» ከማለታችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ስልክ ነጥቆ የተያዘ ልጅ ሲደበደብ በሚያሳይ ቪዲዮ ሥር የምትጽፉትን አነባለሁ። «እጁን መቁረጥ ነበር»፣ «እንደ ድሮው አደባባይ ላይ መስቀል ነው» የሚል አይጠፋም። ዕድሜዬን ችሎት ለችሎት የጨረስኩ ጠበቃ ነኝና ስለዚያ «ድሮ» ትንሽ ላጫውታችሁ።

አዎ፣ እጅ መቁረጥ ነበር። ግን ሌባው እንዴት ይገኝ ነበር? አንዱ መንገድ ሌባ ሻይ ነው፤ ሌባ ፈላጊ ማለት ነው፣ የሚጠጣው ሻይ አይደለም። ለአንድ ለጋ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ያጠጡታል። ራሱን ሲስት ወገቡን በገመድ ያስሩትና አንድ ጎልማሳ ገመዱን ይዞ ይከተለዋል። ልጁ እየተንገዳገደ ከቤት ቤት ይገባል። የወደቀበት ቤት ባለቤት፣ እሱ ነው ሌባው። አለቀ! ምስክር የለ፣ መስቀለኛ ጥያቄ የለ። ዕዳውን ይከፍላል። እስቲ እናንተ ደጅ ቢወድቅስ?

ቅጣት የሚከፋው ማስረጃ ሲሳሳ ነው ባይ ነኝ። እውነተኛውን ጥፋተኛ ለመያዝ አቅም ሲያጥር፣ በተገኘው ሰው ላይ ማስፈራሪያ ይሠራል።

ለውጡም በአንድ ጀንበር አልመጣም። በ1923 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ። በ1949 ዓ.ም. የስዊሱ ምሁር ዣን ግራቨን ባረቀቁት ሕግ ተተካ። እዚያ ዘመናዊ ሕግ ውስጥም ግርፋት ነበረ! በ1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራውን የመሩት ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የተሰቀሉት ሕዝብ እያየ ነው። ግርፋትን ያስወጣው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው። ሕጉ የሞት ቅጣትን አላስቀረም፤ በአደባባይ ስቅላት እንዳይፈጸም ግን ከልክሏል።

አመክሮን «ወንበዴ ማሞላቀቅ» የምትሉም አላችሁ። እስረኛው የፍርዱን ሁለት ሦስተኛ ታስሮ፣ ጠባዩ ታይቶ ነው የሚወጣው። ደግሞስ የት ሊሄድ? የሚመለሰው እናንተው ሰፈር ነው። ሙያ ይዞ ቢመጣ አይሻልም?

ወረቀቱ አምሯል፤ ጣቢያ ውስጥ ጥፊው እንዳልቀረ ግን እናንተም ታውቃላችሁ። ስለዚህ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 18 እና 19 አንብቡ። ወንድማችሁ ቢያዝ የተያዘበትን ሰዓት ጻፉ፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት። እንዲያምን ማንም ሊያስገድደው አይችልም። ተመቶ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ለዳኛው ይናገር፣ መዝገብ ላይ ይስፈርለት። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ማስረዳቱ ይከብዳል።