የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ወግ ጮክ ብሎ ሲነበብ ሳቁ የት ይገባል?

ጥያቄ፦ ስምንት የሐዋሳ ጓደኛሞች ነን። ቅዳሜ ከሰዓት ፍቅር ሐይቅ ዳር ተሰብስበን እናነባለን። በቅርቡ ስለ ዕለት ተዕለት ኑሮ የተጻፉ አስቂኝ ወጎችን ጀምረናል። ለብቻዬ ሳነበው በሳቅ ያፈረሰኝን ወግ ጮክ ብዬ ሳነበው ግን ማንም ጥርሱን አላሳየም። ጥፋቱ የማን ነው?
ከታቦር ክፍለ ከተማ

መልስ፦ አንዴ ካሳቀዎት ወጉ ደህና ነው፤ የሚስተካከለው አነባበቡ ነው። አማርኛ ግሡን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ ጎበዝ ወግ ጸሐፊ ሳቁንም ብዙ ጊዜ እዚያው ይደብቀዋል። ይህን ይመልከቱ፦ «አማቴ ቡናቸውን ጠጥተው፣ ቤቱን መርቀው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዘንቢላቸውን አንስተው፣ በሩ ድረስ ሄደው አደሩ።» ሰሚው «ወጡ»ን ሲጠብቅ «አደሩ» ይመጣበታል። ችግሩ፣ አራት ነጥብ ላይ ስንደርስ ትንፋሻችን ያልቃል፤ ድምፃችንም ይወርዳል። ስለዚህ ሳይሰማ የሚቀረው ያው የሚያስቀው ቃል ነው።

«አንስተው» ላይ ትንፋሽ ይሳቡ። «ሄደው» ካሉ በኋላ አንድ፣ ሁለት የሚያስቆጥር ያህል ዝም ይበሉ። ከዚያ «አደሩ»ን በሙሉ ድምፅ፣ ግን ሳይጮሁ ይበሉት። ቀድመው ፈገግ ካሉ ሰሚው ይነቃል። «ይሄ በጣም ያስቃል» ብሎ መጀመርም እንደዚያው ነው።

ሌላው እንቅፋት ጥብቀትና ላልተት ነው፤ ፊደላችን አይለያቸውም። አከራይዋ «ኪራዩስ?» ሲሉ ተከራዩ «ዛሬ ገና ነው» ቢላቸው፣ «ና» ከጠበቀ በዓሉን፣ ከላላ ደግሞ «ቀኑ አልደረሰም» ማለቱ ነው። «አለ» እና «ዋና»ም እንዲሁ ናቸው። አንባቢው እዚያ ላይ ቆሞ ካመነታ ቀልዱ አለቀለት። በዋዜማው ወጉን አንድ ጊዜ በልብ፣ አንድ ጊዜ በድምፅ ያንብቡት፤ የሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ በእርሳስ ሁለት ነጥብ ያድርጉ።

ሳቅ ሲነሳ ያቁሙ። ጋብ ማለት ሲጀምር ይቀጥሉ፤ ጨርሶ እስኪበርድ ከጠበቁ ሰዉ ወደ ጨዋታ ይሄዳል። የሐይቁ ዳር ደስ ይላል፤ ነገር ግን ሜዳ ላይ ድምፅ ይበተናል፤ ሰው ደግሞ የሚስቀው የጎረቤቱን ሳቅ ሲሰማ ነው። ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግታችሁ ክብ ሥሩ። ርዝመቱን በተመለከተ፣ 800 ቃል ገደማ የሆነ ወግ ሳይቸኩሉ ሲያነቡት 8 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ በአንድ ቅዳሜ ሁለት ይበቃል። ሦስተኛው ላይ ጆሮ የጸሐፊውን አካሄድ ስለሚለምድ ቀድሞ ይገምተዋል።

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል ልጄ ቆየት ያሉ ወጎችን ሳስነብበው «ምኑ ነው የሚያስቀው?» ይለኛል።

መልስ፦ የዕለት ኑሮ ወግ የሚቆመው በዘመኑ ዕቃና ዋጋ ላይ ነው። ስሙኒ 25 ሳንቲም፣ ሽልንግ 50 ሳንቲም መሆኑን የማያውቅ ልጅ ለስሙኒ ግማሽ ቀን ስለሚከራከር ሰው ቢያነብ ምኑን ይስቃል? የቀበሌ ሱቅም እንደዚያው ነው። ቀበሌዎች በከተማ የተቋቋሙት የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ በ1967 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ነው። በደርግ ዘመን ስኳርና ሳሙና ለመግዛት የቀበሌ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተራ ይያዝ ነበር። ይህን ሲያውቅ፣ ሙሽራው ከሠርጉ ሾልኮ ለስኳር ቢሰለፍ ይገባዋል። ታዲያ ማብራሪያው ከንባቡ በፊት ይሁን፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ካነበበ በኋላ ቢያብራሩለት ይገባው ይሆናል እንጂ አይስቅም።

ጥያቄ፦ አንድ ጸሐፊ ስለ ሚስቱ የጻፈውን ለባለቤቴ ባነብላት ተቆጣች። እውነቱን ነው የሚጽፈው?

መልስ፦ ወግ ውስጥ «እኔ» የሚለው ተራኪ ከግማሽ በላይ የተሠራ ሰው ነው፤ ግነትም የወግ መብቱ ነው። ስለዚህ እውነት መሆን አለመሆኑን ትተው ሳቁ ማን ላይ እንዳረፈ ይዩ። በጥሩ ወግ ወጡን የሚያሳርረው፣ ቁልፉን የሚጥለው፣ በክርክሩ የሚረታው ብዙውን ጊዜ ተራኪው ራሱ ነው። ሚስት ወይም የቤት ሠራተኛ ብቻ የምትሞኝበት ወግ ግን ሐሜት ነው፤ ያነበቡላቸው እንዲህ ያለውን ከሆነ ባለቤትዎ ልክ ናቸው።