ኤረር ሸለቆ ለምትወርዱ፦ ስለ እፉኝት

እህቴ፣ «ለጥናት ከባቢሌ ወደ ኤረር ሸለቆ ልንወርድ ነው፤ እፉኝት ሰው ያሳድዳል የሚባለው እውነት ነው? በባሌ ሐረና ደን ካለው ትልቁ እፉኝትስ ጋር አንድ ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሁለተኛው ይቅደም፦ አንድ አይደሉም። የሐረናው ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኖ በሳይንስ የተመዘገበው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኑሮውም ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ነው። የእኛው ቆላና ቁጥቋጦ ይወዳል።

ሰው ግን አያሳድድም። ከከብት ጠባቂዎች ጋር በሸለቆው ስዘዋወር ያየኋቸው ሁሉ ዝም ብለው ተኝተው ነበር። እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ዝምታው ነው። ሌላው እባብ ኮቴ ሲሰማው ይሸሻል፤ እፉኝት የሚተማመነው በመልኩ ነው። ጀርባው ላይ ወደ ጅራቱ የሚያመለክቱ ጥቁር ማዕዘኖች አሉት፤ ከደረቀ ቅጠልና ከአሸዋ ጋር ሲቀላቀሉ አንድ ሜትር የሚደርሰው ወፍራም አካል ይጠፋል። ጠባቂው በዱላው እየጠቆመኝ እንኳ ራሱን ከቅጠሉ ለመለየት የተቸገርኩበት ጊዜ አለ። ሽታውም ስውር ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ የተካሄደ ጥናት፣ ሌሎች እባቦችን በጠረናቸው የሚለዩ ውሾች እፉኝትን መለየት እንዳቃታቸው አሳይቷል። ስለዚህ «ውሻው ከፊት ይሂድ» የሚለውን ምክር አትመኑበት።

አይጥ በምታልፍበት ዳር አድፍጦ ለቀናት ሊቆይ ይችላል። ሲጠጉት ሰውነቱን ነፍቶ እንደሚተነፍስ ጎማ ድምፅ ያሰማል። ያን ስትሰሚ ቁሚ፤ ያለበትን በዓይንሽ አግኝተሽ በመጣሽበት ተመለሺ። ሁልጊዜ ግን አያስጠነቅቅም። ሲመሽ ሙቀት ወደያዘው የአፈር መንገድ ይወጣልና ያለ ባትሪ አትንቀሳቀሱ፤ ማገዶ በባዶ እጅ አታንሱ፤ ነጠላ ጫማውን ቤት ተዉት። ብታገኙትም እባካችሁ አትግደሉት፤ ሊገድለው ሲጠጋ የሚነደፍ ሰው አለ።

መርዙ እግርን በፍጥነት ያሳብጣል፣ ሥጋንም ይገድላል። በገመድ ማሰር፣ በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ መርዝ ይመጥጣል የሚባለውን ጥቁር ድንጋይ መለጠፍ ጉዳቱን ያብሳሉ፣ ጊዜም ይበላሉ። ቀለበትና አምባር አውልቁ፣ የተነደፈው እግር እንዳይንቀሳቀስ ደግፉት፣ ሰውየውን ተሸክማችሁ ውጡ። መኪናው ቅርብ እንዲጠብቃችሁ ከሹፌሩ ጋር ተስማሙ። የመርዝ ማርከሻው በሐረር ወይም በድሬዳዋ በየትኛው ሆስፒታል እንዳለም ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ አረጋግጡ።