«ሀች አልሠራ አለኝ፣ እርዱኝ»፦ የካድ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

በዚህ ወር የደረሱኝ መልእክቶች ከሞላ ጎደል ስለ አንድ ነገር ናቸው፦ ኮርስ ሳይከፍሉ፣ በቴሌግራም ግሩፕና በውጭ አገር የተጠቃሚዎች መድረክ እየታገዙ ካድ (በኮምፒውተር ፕላን መሣል) መማር። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ መልሴን ከሥራቸው አስከትላለሁ።

አንድ የአምስት ኪሎ ተማሪ የአውቶካድን ጥቁር መደብ እንዴት ነጭ እንደሚያደርገው ይጠይቃል።

«ኦፕሽንስ» ብለህ ጻፍ፣ «ዲስፕሌይ» ውስጥ «ከለርስ»ን ክፈት፣ ነጭ ምረጥ፤ አለቀ።

ከፒያሳ የጻፈልኝ ወጣት ላፕቶፑ 4 ጊጋ ራም ብቻ ነው ያለው። ዕቁቡ ደርሶት አዲስ እስኪገዛ ድረስ ትምህርቱን ያቆየው እንደሆነ ያማክረኛል።

አታቆየው። ለቱዲ (ለጠፍጣፋ ሥዕል) ሥራ ያለህ ላፕቶፕ ይበቃል። ሊብሬካድ የሚባለው የካድ ፕሮግራም ነፃ ነው፣ ማሽን አያስጨንቅም፤ በዲ-ኤክስ-ኤፍ የፋይል ዓይነት ያስቀመጥከውን ሥዕል አውቶካድ ይከፍተዋል። ዛሬ ማታ ሜትር ተዋስና የምትተኛበትን ክፍል ለካ፦ የግድግዳውን ውፍረት፣ በሩ ወዴት እንደሚከፈት፣ መስኮቱ ከወለሉ በስንት ሳንቲ ከፍታ እንደሚጀምር። ከዚያ እሱን ሣል። የሰው ቪላ እየተመለከቱ ከመገልበጥ የገዛ ክፍልን ለክቶ መሣል ይበልጥ ያስተምራል፤ ስትሳሳት ተነሥተህ እንደገና ትለካለህና።

ሌላው ክራክ የተደረገ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ) አውቶካድ ከየት እንደሚያወርድ እንድጠቁመው ይፈልጋል።

አልጠቁምም። ተማሪ ከሆንክ የፕሮግራሙ ባለቤት ኩባንያ መማርህን አረጋግጦ ለአንድ ዓመት በነፃ ይሰጥሃል፤ ትምህርት ላይ እስካለህ ድረስም ይታደሳል። ተማሪ ካልሆንክ ፍሪካድ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለልህ። እ.ኤ.አ. በ2002 ብቅ ያለው ይህ ፕሮግራም በኖቬምበር 2024 እትም 1.0 ላይ ደርሷል፤ ዛሬ ለማሽን አካላት ሥዕልም ለቤት ፕላንም ያገለግላል። ከማይታወቅ ሰው ያገኘኸውን ክራክ የደንበኛ ፕላን ባለበት ኮምፒውተር ላይ መጫን ቁልፉን በር ላይ ትቶ እንደመሄድ ነው።

የሚከተለው ደብዳቤ ከልደታ አካባቢ የመጣ ነው። ጸሐፊዋ በሲቪል ምህንድስና ተመርቃ ሥራ እየፈለገች ነው። አንድ ትልቅ ግሩፕ ገብታ «ሀች አልሠራ አለኝ፣ እባካችሁ እርዱኝ» ብላ ጻፈች፤ ሀች ሥዕል ላይ አንድን ቦታ በጭረት ወይም በቀለም የሚሞላው ትእዛዝ ነው። ሁለት ቀን ማንም አልመለሰላትም። በሦስተኛው ቀን አንዱ «መጀመሪያ ተምረሽ ነይ» አላት፤ ከግሩፑ ወጣች። «ለዚህ ሙያ አልተፈጠርኩ ይሆን?» ትለኛለች።

እህቴ፣ በመጀመሪያ ሀቹን እንጨርሰው። ሀች የሚሞላው ዙሪያው የተዘጋ ቦታን ነው። ሁለት መስመሮች ጥግ ላይ የተነካኩ መስለው የፀጉር ያህል ክፍተት ካላቸው ፕሮግራሙ ቦታውን እንደ ክፍት ይቆጥረዋል። አውቶካድ ብዙውን ጊዜ ክፍተቱ ያለበትን ጫፍ በቀይ ክብ ያሳይሻል። ወደዚያ ተጠግተሽ «ፊሌት»ን ጥሪ፣ ሬዲየሱን 0 አድርጊና ሁለቱን መስመሮች አጋጥሚያቸው። ከዚህ በኋላ ደግሞ ኤፍ 3ን ተጭነሽ «ኦብጀክት ስናፕ» (መስመርን ከሌላው ጫፍ ጋር በትክክል የሚያጋጥመው) መብራቱን ሳታረጋግጪ መስመር አትጀምሪ።

አሁን ወደ ጎዳሽ ነገር ልምጣ። «ተምረሽ ነይ» ያለሽ ሰው አጥፍቷል። ለመማር የመጣን ሰው ተምረህ ና ብሎ መመለስ ምንም ትርጉም የለውም፤ ጉዳቱ ግን ትልቅ ነው። ይህን የምለው ከደረሰብኝ ነው። ሥራ የጀመርኩት ፒያሳ አንድ ቢሮ ውስጥ፣ በራፒዶግራፍ (የቀለም ብዕር) ትሬሲንግ በሚባል ብርሃን አሳላፊ ወረቀት ላይ በምንሥልበት ዘመን ነበር። የተሳሳተ መስመር በምላጭ ይፋቃል። አለቃችን የተፋቀ ቦታ ባየ ቁጥር በሰው ፊት ይጮኽብን ስለነበር እኔ ስህተትን መደበቅ ለመድኩ። አንድ ጊዜ የደረጃ መርገጫ አንድ ማጉደሌን እያወቅኩ ሥዕሉን ዝም ብዬ አስረከብኩ። የታወቀው ሳይት ላይ፣ ካሳፎርማው (ኮንክሪት የሚፈስበት የጣውላ ቅርጽ) ከተመታ በኋላ ነው። አናጢዎቹ የሁለት ቀን ሥራቸውን ሲያፈርሱ ቆሜ አየሁ። ያን ቀን የተሰማኝን ኀፍረት እስካሁን አልረሳሁትም። ጥያቄን የሚያሳፍር ቦታ፣ ቢሮም ይሁን ግሩፕ፣ ሰዎችን ወደዚህ ነው የሚገፋቸው።

ጥያቄሽ ግን ለመላሽ የሚመች አልነበረም፤ ይህንንም በግልጽ ልንገርሽ። «አልሠራ አለኝ» የሚል ሰው ሐኪም ፊት ቆሞ «አመመኝ» ብቻ ብሎ ዝም እንዳለ ሰው ነው። እንዲህ ብትዪ ኖሮስ፦ «በአውቶካድ 2021 የመታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ሀች ልሞላ ስል ዙሪያው አልተዘጋም የሚል መልእክት መጣብኝ። መስመሮቹን የሣልኩት በላይን ነው። አጉልቼ ሳይ ክፍተት አልታየኝም። ሥዕሉ ይኸው።» ይህን የሚያውቅ ሰው ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞም ቢሆን ይመልስልሻል። ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንስተሽ አትላኪ፤ ቀጥታ ከኮምፒውተሩ ቅጂውን ውሰጂ። የደንበኛን ሙሉ ፕላንም አደባባይ ላይ አታውጪ። «ደብሊው-ብሎክ» በሚለው ትእዛዝ የቸገረሽን ጥግ ብቻ ቆርጠሽ በሌላ ፋይል አስቀምጪ። ያን ጥግ ስትቆርጪ መስመሮቹን አንድ በአንድ መምረጥ ግድ ስለሚልሽ፣ ምናልባት ክፍተቱን ራስሽ ታገኚው ነበር።

የውጭዎቹ መድረኮች በዚህ ጥብቅ ናቸው፣ ጥብቅነታቸውም ይጠቅማል። ፍሪካድ ላይ ከጠየቅሽ መጀመሪያ «ሄልፕ» ውስጥ ካለው «አባውት ፍሪካድ» የእትሙንና የኮምፒውተርሽን መረጃ ገልብጠሽ እንድትለጥፊ፣ ፋይሉንም እንድታያይዢ ይጠይቁሻል። ቁጣ እንዳይመስልሽ። እነዚህ ሰዎች ደመወዝ የላቸውም፤ ከሥራ መልስ ማታ ቁጭ ብለው ነው የሚመልሱት፤ የብዙዎቹ ማታ ደግሞ የእኛ ሌሊት ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ዝም ቢሉሽ ናቁኝ አትበዪ። እንግሊዝኛሽም አያሳስብሽ፤ አጭር ዓረፍተ ነገርና አንድ ጥሩ ምስል ይበቃል። ችግሩ ሲፈታ ግን ተመልሰሽ እንዴት እንደተፈታ ጻፊ። ይህን የሚያደርጉ ጥቂቶች ናቸው፤ ያደረገችውን ሴት ቀጣይ ጥያቄ ማንም አያልፈውም።

ለሙያው አለመፈጠርን አንድ ያልተዘጋ ጥግ አይወስነውም። ሌላ ግሩፕ ግቢ፤ የሀች ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሰው ስታገኚም አንቺ መልሺለት።

መብራት ሄዶ የአራት ሰዓት ሥራ ጠፋብኝ የሚል ከሜክሲኮ አካባቢ።

ምናልባት አልጠፋም። ፋይልህ ባለበት ፎልደር ውስጥ ተመሳሳይ ስም ኖሮት በ«ባክ» የሚያልቅ አለ፤ ኮፒ አድርገህ መጨረሻውን የአውቶካድ ፋይል ወደሚያልቅበት ዲ-ደብሊው-ጂ ቀይረው። ያ አሮጌ ከሆነብህ የዊንዶውስ «ቴምፕ» ፎልደር ውስጥ በኤስ-ቪ እና በዶላር ምልክት የሚያልቀውን ፈልግና እንዲሁ አድርገው። «ሴቭታይም»ን (ፕሮግራሙ በራሱ የሚያስቀምጥበትን የጊዜ ልዩነት) ደግሞ ወደ 5 ደቂቃ አውርደው።

ማተሚያ ቤቱ ፕላኔን በኤ-3 ወረቀት አተመልኝ፤ በስኬል ሩለር ስለካው ግን አይገጥምም፤ ማን ነው ያጠፋው?

ሁለታችሁም ሳትሆኑ አትቀሩም። ፕላኑ ለኤ-1 ወረቀት ተዘጋጅቶ ከሆነ ኤ-3 ላይ ርዝመቱ ሁሉ በግማሽ ያንሳል፤ 1 ለ50 የነበረው 1 ለ100 ይሆናል። «ፊት ቱ ፔፐር» የሚለው ምልክት ተደርጎበት ከነበረ ደግሞ ስኬሉ ምንም ሊሆን ይችላል። ሞዴሉ ላይ ሁልጊዜ በእውነተኛው ልክ ሣል፣ ስኬሉን ሌይአውት (የኅትመት ገጹ) ላይ ወስን፣ ከሥዕሉ ሥር የስኬል መስመር አስቀምጥ። ወረቀቱ ቢያንስም መስመሩ አብሮት ያንሳል።

ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ማፍጠጥ ዓይኔን ያቃጥለኛል፤ ምን መነጽር ልግዛ?

በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ያህል ርቆ ያለን ነገር ለ20 ሰከንድ ተመልከት። መነጽሩን ዓይንህን የመረመረ ሐኪም ይዘዝልህ።

የመጨረሻው ደብዳቤ አራት ኪሎ ከሚኖሩ አባት ነው። ዳር አካባቢ ባላቸው ቦታ ላይ ጂ ፕላስ ዋን ሊሠሩ ነው። ካድ ከኢንተርኔት የተማረው የእህታቸው ልጅ ፕላኑን አሳምሮ ሣለላቸው። የኮለኑን ስፋትና የፌሮውን ቁጥር ግሩፕ ውስጥ ሲጠይቅም «30 በ30 ይበቃል» አሉት። አባት የመሐንዲሱን ክፍያ ልተወው ወይ ይላሉ።

አይተዉት አባቴ፣ በምንም ምክንያት አይተዉት። እዚህ ላይ «ባለሙያ ቢያዩ ጥሩ ነው» ብዬ አላልፍም፤ ፈቃድ ያለው የስትራክቸር መሐንዲስ ሳይፈርምበት አንድ አካፋ ኮንክሪት እንዳይፈስ። ግሩፕ ውስጥ «ይበቃል» ያለው ሰው ሶሌታው (የፎቁ የኮንክሪት ወለል) ስንት ሜትር እንደሚዘረጋ፣ በላዩ ላይ ምን እንደሚጫን አላየም። ከሁሉ በላይ አፈርዎን አላየም። በከተማችን ብዙ ቦታ ያለው ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ቤቱን ከሥሩ እያነሣና እያወረደ ግድግዳውን ይተረትረዋል። የመሠረቱ ጥልቀትና ዓይነት ከዚያ አፈር ነው የሚነሣው፤ ኮለኑም ብቻውን አይወሰንም። ፕሮግራሙ ደግሞ 30 በ30ም 15 በ15ም ብለው ቢጽፉለት እኩል አሳምሮ ይሥለዋል፤ ይቆማል አይቆምም አይልዎትም።

የእህትዎ ልጅ ሥራ አይጣል። ለክቶ የሣለው ፕላን አርክቴክቱና መሐንዲሱ የሚነሡበት ጥሩ መነሻ ነው። ልጁም አብሯቸው ይቀመጥ፣ ለምን ያን መጠን እንደመረጡ ይጠይቃቸው። መጀመሪያ ግን መሐንዲሱን ቦታው ላይ ይውሰዱት፤ የት ጋ፣ በምን ያህል ጥልቀት ተቆፍሮ አፈሩ እንደሚታይ እሱ ይንገርዎት። ክረምት ሳይገባ ያስቆፍሩት።