የእሳትና የራስ ቅል ምልክት ያለው በርሜል፦ ስለ ሜታኖል ለጠየቃችሁን

በዚህ እትም ሁሉንም ቦታ ለአንድ ኬሚካል ሰጥተናል። ከተለያየ ቦታ የመጡት ጥያቄዎች ዞረው ዞረው ሜታኖል ላይ ስለደረሱ አንድ ላይ መመለሱ ይሻላል ብለን ነው።

ጥያቄ፦ ቃሊቲ አካባቢ ባለ የቀለም ፋብሪካ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። በቅርቡ ሜታኖል የሚል በርሜል ገባልን። ላዩ ላይ ቀይ የእሳት ምልክት፣ ከጎኑ ደግሞ በነጭ መደብ የራስ ቅል አለው፤ ዩኤን 1230 የሚል ጽሑፍም አለ። ኃላፊዬ «አልኮል ነው፣ ከቲነሩ ጋር አስቀምጠው» አሉኝ። አብሮ በመጣው ወረቀት ላይ ባለ አራት ቀለም ምልክት አየሁ፤ ለእሳት 3፣ ለጤና 1 ይላል። ለጤና 1 ብቻ ከሆነ የራስ ቅሉ ለምን ተለጠፈ?

መልስ፦ ጥሩ አድርገው ጠየቁ። ኃላፊዎ «አልኮል ነው» ያሉት ውሸት አይደለም፤ ሜታኖል በኬሚስትሪ የአልኮል ዘር ነው። ቁስል የምንጠርግበት፣ መጠጥ ውስጥም ያለው ግን ኢታኖል ነው። ሁለቱም እንደ ውሃ የጠሩ ናቸው፣ ሽታቸውም ይቀራረባል። አንዱን ሰው ይጠጣዋል፣ ሌላው ግን በጥቂት ጉንጭ ዓይን ያጠፋል። በዓይንና በአፍንጫ መለየት ስለማይቻል ሰውን የሚያድነው በርሜሉ ላይ የተለጠፈው ምልክት ብቻ ነው።

ያዩዋቸው ምልክቶች የተለያየ ሥራ ያላቸው ስለሆኑ ነው ያምታቱት። በርሜሉ ላይ ያሉት ትልልቆቹ የመጓጓዣ ምልክቶች ናቸው። የእሳቱ ክፍል 3 ነው፣ ተቀጣጣይ ፈሳሽ ማለት ነው። የራስ ቅሉ ክፍል 6.1 ነው፣ መርዝ ማለት ነው። ዩኤን 1230 ደግሞ በየትኛውም አገር ሜታኖል ማለት ነው፤ ጅቡቲ ወደብ የሚያወርደው ሠራተኛም ሆነ መንገድ ላይ መኪና ሲገለበጥ የሚደርሰው የእሳት አደጋ ሠራተኛ በቁጥሩ ምን እንደገጠመው ያውቃል።

ሁለተኛው ዓይነት ጂኤችኤስ የሚባለው፣ የኬሚካልን አደጋ ለማሳየት በዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣው ነው፤ ቀይ ጠርዝ ያላቸው ነጭ ምልክቶች። ሜታኖል ላይ ሦስት ታገኛላችሁ፦ እሳት፣ የራስ ቅል፣ እና ደረቱ ላይ ኮከብ መሰል ስንጥቅ ያለበት ሰው። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ያልፈዋል። የውስጥ አካልን ይጎዳል ማለት ነው፣ በሜታኖል ጉዳይ ደግሞ ዋናው ተጎጂ የዓይን ነርቭ ነው። በጂኤችኤስ ቁጥሩ ሲያንስ አደጋው ይብሳል፤ 1 የመጨረሻው ክፉ ደረጃ ነው። ሜታኖል በአካል ጉዳት ደረጃ 1፣ በእሳት ደረጃ 2፣ በመርዝነት ደረጃ 3 ላይ ነው።

ባለ አራት ቀለሙ ምልክት አሜሪካኖች ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ያወጡት ነው፣ አቆጣጠሩም የተገላቢጦሽ ነው። እዚያ 0 ቀላል ነው፣ 4 ደግሞ የከፋው። የጤናው ቁጥር እሳት ሊያጠፋ የገባ ሰው ለአጭር ጊዜ ቢጋለጥ ምን ይሆናል ለሚለው እንጂ ቢጠጣው ወይም በየቀኑ ቢተነፍሰው ምን ይሆናል ለሚለው አይደለም። ስለዚህ ያ 1 ቁጥር እርስዎን የሚያጽናና ነገር የለውም። ሥራዎ መጋዘን ውስጥ ስለሆነ የሚመሩት በጂኤችኤሱ ይሁን።

ወደ አቀማመጡ ልምጣ። ከቲነር ጋር መሆኑ ብቻውን ችግር አይደለም፣ ሁለቱም ተቀጣጣይ ናቸው። ክሎሪን ዱቄት፣ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ወይም ናይትሪክ አሲድ ካላችሁ ግን እነሱ ሌላ ክፍል ይሂዱ፤ ሜታኖል ከነሱ ጋር ከተገናኘ ኃይለኛ እሳት ይነሳል። ምግብም እዚያ አይግባ። ክፍሉ ከላይም ከታችም አየር የሚያስወጣ ይሁን። በርሜሉ ቢያፈስ ፈሳሹ እንዳይሄድ ዙሪያውን ዝቅ ያለ ግንብ ወይም ገበታ ይኑረው። ዘበኛው ከሰል የሚያቀጣጥልበት፣ ቡና የሚፈላበት ቦታ ከበሩ አጠገብ ከሆነ ያንን ዛሬውኑ አርቁት።

«አዲስ አበባ ብርድ ስለሆነ አይቀጣጠልም» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ሜታኖል 11 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ብልጭታ የሚበቃው ተን ያወጣል። ይሄ ቁጥር የተለካው በባሕር ወለል የአየር ግፊት ነው። እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስንወጣ ግፊቱ ስለሚቀንስ ወደ 5 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። በኅዳር ማለዳ ብርድ ውስጥ እንኳ በርሜሉ ለመቀጣጠል ዝግጁ ነው ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝን ልንገርዎ። ከበርሜሉ ተቀድቶ ሃይላንድ ውስጥ የሚገባው ሜታኖል ነው። አንድ ሠራተኛ ለብሩሽ ማጠቢያ ትንሽ ይፈልጋል፣ ያገኘው ዕቃ የውሃ ፕላስቲክ ነው፣ ቀድቶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፣ ከሰዓት በኋላ የደከመው ጓደኛው ውሃ መስሎት ያነሳዋል። በርሜሉ ላይ ያለው ምልክት ሁሉ፣ ቁጥሩም ስሙም፣ በዚያች ደቂቃ ምንም አይሠራም። ስለዚህ ንብረት ክፍል ካሉ አንድ ሕግ ያውጡ፦ ሜታኖል በውሃ፣ በለስላሳ ወይም በዘይት ዕቃ አይወጣም፣ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ቢጠይቅም። ክዳኑ የሚገጥም፣ በአማርኛ «ሜታኖል፣ መርዝ፣ ተቀጣጣይ» ተብሎ የተጻፈበት፣ የራስ ቅል ያለበት የብረት ዕቃ ያዘጋጁ። ከአቅራቢው ደግሞ ኤምኤስዲኤሱን፣ ማለትም የኬሚካሉን የደህንነት መረጃ ወረቀት፣ ይጠይቁ። መስጠት አለበት።

ጥያቄ፦ እኔ በያጅ ነኝ። ባዶ የኬሚካል በርሜል እየገዛን ቆርጠን ምድጃ፣ ማጠራቀሚያ፣ ሌላም ሌላም እንሠራለን። ሜታኖል የነበረበትን በርሜል ርካሽ አገኘሁ። ባዶ ነው፣ ጠብታ የለውም። በእሳት መቁረጥ ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም ወንድሜ። እባክህ አትንካው።

ባዶ በርሜል ከሙሉው በርሜል የበለጠ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱን ስታውቀው ለጓደኞችህም ታስረዳለህ። የሚፈነዳው ፈሳሹ ሳይሆን ከአየር ጋር የተቀላቀለው ተን ነው። ቤንዚን በአየር ውስጥ ከ1 ተኩል እስከ 7 ተኩል በመቶ አካባቢ ሲሆን ነው የሚቀጣጠለው፣ ከዚያ በላይ ከበዛ አየር ያንሰዋል። ሜታኖል ግን ከ6 እስከ 36 በመቶ ድረስ ይቀጣጠላል። በጣም ሰፊ ነው። እና ትንሽ ሜታኖል የቀረበት የተዘጋ በርሜል ውስጥ፣ 20 ዲግሪ ሙቀት ላይ፣ ተኑ በባሕር ዳርቻ ከተማ 13 በመቶ ገደማ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ ወደ 17 በመቶ ይሆናል። ልክ መሃሉ ላይ ነው። ለመፈንዳት የቀረው ብልጭታ ብቻ ነው፣ አንተ ደግሞ ችቦ ይዘህ እየመጣህ ነው። በግራይንደር መቁረጥም ያው ነው፤ ብልጭታው ይበቃዋል።

«ጠብታ የለውም» ስትል በስፌቱ ውስጥ የተቀመጠውን አታየውም። እንደ ምናለሽ ተራ ያሉ ቦታዎች በርሜል ቆርጦ ማደስ የብዙ ሰው እንጀራ መሆኑን አውቃለሁ፣ ሥራውን ተው እያልኩህ አይደለም። በርሜል ስትገዛ ግን ምን እንደነበረበት ጠይቅ፣ ምልክቱ የተፋቀ ከሆነ አትግዛ። የሜታኖል በርሜል በውሃ ደጋግሞ ታጥቦ፣ ክፍት ሆኖ አየር አግኝቶ፣ ውስጡ በጋዝ መለኪያ ተለክቶ ንጹሕ ነው ካልተባለ ችቦ አይቀርበውም። መለኪያው አንተ ጋ ስለሌለ ለአቅራቢው መመለሱ ይሻላል። እጥበቱንም በባዶ እጅ አትሞክረው፣ ያጠብክበትንም ውሃ ቦይ ውስጥ አትድፋው። እህልና የመጠጥ ውሃ ማጠራቀሚያ ማድረግማ ጨርሶ አይታሰብ።

ጥያቄ፦ የእንጨት ማጣበቂያ በምናመርትበት ቦታ ሜታኖል ከበርሜል ወደ ትንንሽ ዕቃ እናዛውራለን። አንዳንዴ ቱቦ አስገብተን በአፍ ስበን ነው። ምን እናድርግ? እሳት ቢነሳስ በውሃ ይጠፋል?

መልስ፦ በአፍ መሳቡ ዛሬ ይቁም። ነዳጅ በአፍ ስቦ የለመደ ሰው «እተፋዋለሁ» ይላል፣ ግን 10 ሚሊ ሊትር የሚያህል ሜታኖል፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፣ ሰውን ለዘለቄታው ሊያሳውር ይችላል። የእጅ ፓምፕ ውድ አይደለም።

ስትቀዱ የብረቱን በርሜልና የምትቀዱበትን የብረት ዕቃ በሽቦ አገናኙ፣ በርሜሉን ደግሞ ከመሬት ጋር። ፈሳሽ ሲፈስ ስታቲክ የሚባል የኤሌክትሪክ ሙል ይፈጥራል፣ ሽቦ ከሌለ ያ ስታቲክ አፉ ላይ ብልጭ ይላል። ስልክ ኪስ ውስጥ አይሁን። ጓንቱ የቡቲል ጎማ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ቀጭኗ የሕክምና ጓንት ብዙ ሳትቆይ ታሳልፋለች፣ ሜታኖል ደግሞ በቆዳም ይገባል። ልብስ ላይ ከፈሰሰ ልብሱ ይውለቅ፣ ሰውነት በብዙ ውሃ ቢያንስ ለሩብ ሰዓት ይታጠብ። የጨርቅ ማስክ ለዚህ ምንም አይጠቅምም። ለቀለም ርጭት የሚገዛው ባለ ካርቦን ማጣሪያ እንኳ ሜታኖልን ለረጅም ጊዜ አይይዝም። የሚያዋጣው አየር ነው፦ ክፍት ቦታ፣ ወይም አየር ወደ ውጭ የሚስብ ማራገቢያ፣ ሞተሩም ብልጭታ የማያወጣ። በ8 ሰዓት ሥራ የሚፈቀደው ልክ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 200 ክፍል ተን ነው፤ ሽታው ሳይሰማችሁ ከዚህ በላይ እየተነፈሳችሁ ሊሆን ይችላል።

እሳቱ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። የሜታኖል ነበልባል ፈዛዛ ሰማያዊ ነው፣ ጭስም የለውም፣ በፀሐይ ብርሃን አይታይም። እ.ኤ.አ. በ1981 በኢንዲያናፖሊስ 500 የመኪና ውድድር ላይ ሪክ ሚርስ ነዳጅ ሲሞላ ሜታኖሉ ፈሶ ተቀጣጠለ። እሱም የቡድኑ ሰዎችም እየተቃጠሉ ሳለ ዙሪያቸው ያለው ሰው እሳቱን ማየት አልቻለም። እናንተም ጋ አንድ ሰው በድንገት ልብሱን እያራገፈ ሲጮኽ ብታዩ «ምን ሆነ?» ብላችሁ አትቁሙ። እሳቱ ባይታያችሁም ልብሱ ላይ ብዙ ውሃ ድፉ።

ለማጥፋት የዱቄት ወይም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያ አዘጋጁ። ፎም ከሆነ ለአልኮል ተብሎ የተሠራው ይሁን፣ ተራው ፎም ሜታኖል ላይ ይፈርሳል። ውሃ በጣም ከበዛ ያጠፋል። በትንሽ ባልዲ ግን እሳቱን ታሰፉታላችሁ፣ ምክንያቱም ሩቡ ሜታኖል የሆነ ውሃ እንኳ ሊነድ ይችላል።

ጥያቄ፦ ኩዌት ነው የምሠራው። እዚህ በመጠጥ ሰዎች መሞታቸውን ሰማን። ጓደኞቼ ድብቅ መጠጥ ይገዛሉ፣ ስመክራቸው «የአገራችን አረቄስ ሜታኖል የለውም እንዴ?» ይሉኛል። አንድ ሰው ጠጥቶ ደህና አድሮ ከተነሳ ተርፏል ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ፣ ይሄ ነው ትልቁ ወጥመድ። ሜታኖል ሲገባ ልክ እንደ መጠጥ ያሰክራል። ከዚያ ለ12 ወይም ለ24 ሰዓት ሰውዬው ደህና ሊመስል ይችላል፣ ከሌላ መጠጥ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። በዚህ ጊዜ ጉበት ሜታኖሉን ወደ ፎርማልዴይድ፣ ከዚያ ወደ ፎርሚክ አሲድ እየለወጠው ነው። የሚያሳውረውና የሚገድለው ያ አሲድ ነው። ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ይመጣል። ዓይን ፊት ጭጋግ ወይም ነጭ ነገር ይጋረዳል።

ስለ አረቄው፣ በመፍላት ጊዜ ጥቂት ሜታኖል መፈጠሩ እውነት ነው፣ ከእህል ሲሆን ግን መጠኑ ትንሽ ነው። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያልቀው አብዛኛውን ጊዜ ነጋዴ የፋብሪካ ሜታኖል ሲቀላቅልበት ነው። በነሐሴ 2017 ዓ.ም የኩዌት ጤና ሚኒስቴር 160 ሰዎች ተመርዘው 23ቱ መሞታቸውን ያስታወቀው በሜታኖል በተበከለ መጠጥ ነው። ድብቅ መጠጥ የሚሸጥ ሰው ዕቃው ከየት እንደመጣ ራሱም ላያውቅ ይችላል፣ በማሽተት ወይም በመቅመስ ለይቶ የሚነግርሽም የለም።

ጓደኛሽ ጠጥታ ከሆነ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ። አታስመልሷት፣ ወተትም አትስጧት። ሆስፒታል ውሰዷት። መድኃኒት አለው፦ ፎሜፒዞል የሚባል፣ እሱ ከሌለ ሐኪም እየለካ የሚሰጠው ኢታኖል፣ ካስፈለገም የኩላሊት እጥበት፤ ቶሎ ከተደረሰ ዓይንም ሕይወትም ይተርፋል። መጠጥ በተከለከለበት አገር ሰው ፈርቶ «የሆድ ሕመም ነው» ብሎ ይደብቃል፣ ሐኪሙም በጨጓራ መድኃኒት ይመልሰዋል። ፍርሃታችሁ ይገባኛል። ግን ለሐኪሙ «ሜታኖል ሊሆን ይችላል» በሉት፤ ቃሉ በእንግሊዝኛም በዓረብኛም ያው ስለሆነ ቋንቋ ባይኖራችሁም ይገባዋል። ከመጠጡ የቀረ ካለ ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱ፣ አብረዋት የጠጡትንም ስልክ ደውላችሁ ጥሩ፣ ደህና ነን ቢሉም።