በጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ ስለመለሰን፦ ለዳንግላው ጠያቂ

ዳንግላ በወላጆችዎ ግቢ ተፈጥሮን የማይጎዳ የጭቃ ቤት ለመሥራት አስበው «ለጭቃው ምን ያህል ጭድ ልጨምር? እንዲበረታስ ከውጭ ሲሚንቶ ልለስነው?» ብለው ለጠየቁን ወንድማችን ይህን ጽፌያለሁ። እኔ እንጅባራና አካባቢው የጭቃ፣ የድንጋይና የቀርከሃ ቤት በመሥራት የምተዳደር ሰው ነኝ። ገንዘብዎን የሚበላው ሁለተኛው ጥያቄ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

አንደኛ፣ ሲሚንቶውን ይተዉት። ጭቃ በክረምት እርጥበት ይስባል፤ ፀሐይ ስትወጣም መልሶ ያስወጣዋል። ሲሚንቶ ይህን መውጫ ስለሚዘጋበት፣ በስንጥቅም ሆነ ከመሬት ተስቦ የገባው ውኃ መሄጃ አጥቶ ቋሚው እንጨት ሥር ይጠራቀማል። በዚያ ላይ ሁለቱ በሙቀትና በእርጥበት ሲያብጡና ሲኮማተሩ እኩል ስለማይሄዱ፣ ልስኑ ውሎ አድሮ ከግድግዳው መላቀቁ አይቀርም። ለሳኙ በሚስማርና በወንፊት ሽቦ አስሮት ለጊዜው የጸና ይመስላል እንጂ።

አንድ ደንበኛዬ ከካቡ እስከ ጣራው በእጄ የሠራሁለት፣ እንከን የማይወጣለት ቤት ነበረው። የይዞታ ማረጋገጫ ሊያወጣ ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ሲሄድ ባለሙያው ፎቶውን አየና «ከተማ ውስጥ ጭቃ ማየት አልፈልግም፤ ሲሚንቶ አልብሰህ ተመለስ» አለው። ላስረዳ ብዬ አብሬው ሄድኩ። ሰውዬው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን ስልኩን ይነካካ ነበር። ልስኑ የግድ ከሆነ ኖራ እንደሚሻል፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩት የጎንደር አብያተ መንግሥትም በድንጋይና በኖራ ተገንብተው እስከ ዛሬ መቆማቸውን ስነግረው፣ ተራ በያዘው ሰው ሁሉ ፊት «አንተ ግንበኛ ነህ ወይስ የታሪክ መምህር?» ብሎ አሳቀብኝ። ደንበኛዬ ጉዳዩ እንዳይጓተትበት ፈርቶ፣ ለግድግዳው በሙሉ ካወጣው የሚበልጥ ገንዘብ ለሲሚንቶና ለለሳኝ ከፈለ።

ጥቂት ክረምቶች አልፈው ሲጠራኝ፣ ከወለሉ በላይ ያለው ቀለም ተላልጦ አገኘሁት። ልስኑን በመዶሻ እጀታ ስመታው እንደ ባዶ ጋን ጮኸ። ጥጉን በመሮ ስፈነቅለው በሰፊው ተገንጥሎ ወረደ። ወሩ የካቲት ነው፣ ጭቃው ግን ርሷል። ምስጥ ከልስኑ ጀርባ የአፈር መንገዱን ሠርቶ እስከ ላይኛው ማገር ወጥቷል፤ የባሕር ዛፉን ቋሚ በጣቴ ስጫነው ጣቴ ሰጠመ። ግድግዳው ባይሸፈን ኖሮ ያ የምስጥ መንገድ ገና ሲጀምር ታይቶ በመጥረጊያ ይነሣ ነበር። ጣራውን በድጋፍ አቁመን የበሰበሱትን እግሮች ቆረጥን፤ ከሥራቸው ድንጋይ አስገብተን በኖራ ለሰንነው። ያ ቤት አሁንም አለ፤ የእኔን ሥራ ማየት የሚፈልግ ሰው ሲመጣ የማሳየው እሱን ነው። «ተመለስ» ያለው ባለሙያ ግን ለወጪው ቤሳ አላዋጣም።

ሁለተኛ፣ የቤቱ ዕድሜ የሚወሰነው በግርጌውና በክፈፉ ነው። የድንጋይ ካቡ ከመሬት ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ የጣራው ክፈፍ ከግድግዳው 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ወጣ ይበል፤ ዙሪያውንም ቦይ ይቆፈርለት። ቋሚውን መሬት ውስጥ ከመቅበር ካቡ ላይ ማሳረፍ ይሻላል። ባሕር ዛፉ በበጋ ተቆርጦ፣ ልጡ ተልጦ፣ ጥላ ሥር ይድረቅ። ብዙ አናጺ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባዋል፤ እኔ ግን አፈሩንና የጉድጓዱን ውኃ ስለሚበክል አልቀባም። ተፈጥሮን አልጎዳም ብሎ ተነሥቶ ዘይት መሬት ላይ ማፍሰስ አይገባኝም።

ከውጭ ልለስነው ካሉ ግን በሲሚንቶ ፋንታ ኖራ ይጠቀሙ። ኖራ የሚቃጠለው በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፣ ሲሚንቶ ግን እስከ 1450 ዲግሪ የሚደርስ እሳት ይፈልጋል። ኖራ ሲደርቅም በማቃጠሉ ጊዜ ከለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተወሰነውን ከአየር መልሶ ይወስዳል። ትኩስ የተቃጠለ ኖራ ከገዙ ግን ይጠንቀቁ። ውኃ ሲያገኝ ይንተከተካል፤ ዓይን ያጠፋል፤ ስለዚህ መነጽርና ጓንት ሳያደርጉ እንዳይጠጉት። ጉድጓድ ውስጥ ውኃ ለብሶ በቆየ ቁጥር ለልስን ይመቻል። አንድ እጅ ኖራ ከሦስት እጅ አሸዋ ጋር ይቀላቅሉና፣ ግድግዳውን ጫር ጫር አድርገው ካረጠቡ በኋላ በስሱ ደራርበው ይለስኑት፤ ፀሐይ ቶሎ እንዳያደርቀውም እርጥብ ጆንያ ይጋርዱበት።

ሦስተኛው ጭዱ ነው። ቁርጥ ያለ ልክ አልነግርዎትም፤ የእርስዎን አፈር አላየሁትምና። መረሬ (ጥቁሩ የሚያጣብቅ አፈር) ከሆነ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃልና ይተዉት። ከላይኛው ለም አፈር ሥር ያለውን ቀዩን አስቆፍረው፣ ከጤፍ ጭድ ጋር አስረግጠው፣ ሸፍነው ቢያንስ ሳምንት ያብላሉት፤ ከዚያ እንደገና ይረገጥ። የጭዱን መጠን እየለዋወጡ ትንንሽ ጡቦች ሠርተው ያድርቁ። የተሰነጠቀው ጭድ ወይም አሸዋ አንሶታል፤ በጣት ሲታሽ የሚፈረፈረው ደግሞ የሚያጣብቅ አፈር ይጎድለዋል። ጭዱንም አውድማው ሳይበተን፣ በጥር ይግዙት፤ በሚያዝያ የከብት መኖ ሲያጥር ዋጋው አይቀመስም።